አንቀጽ አሥራ አራት

ጎንደር፣ አራዳ
ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለምንዳዬ ልጅ፣ ለሳሪት፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ? ያ የምትነጂው አውቶብስስ እንዴት አርጎሻል? እኔ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ላቆየን ጌታ ምስጋና ይግባው። ኢንተርኔቱ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ስልኩም ሲፈልግ ነው የሚሠራ። ስለዚህ ወደናንተ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር እንደ ጥንቱ በወረቀት እንጻጻፍ።

በሰው የላክሽው ፎቶ ደርሶኛል። ቁርጥ እናትሽን ሆነሻል፤ አፍንጫው ብቻ ያባትሽ ነው፣ ምን ይደረግ። አንገትሽ ላይ ያሰርሽውን የክለብ ሻርፕ ሳይ ግን ብቻዬን ሳቅሁ። ኳስ ሜዳ ትገቢያለሽ ለካ! ፎቶው ጀርባ ላይ «ክለቡ የኛ የደጋፊዎቹ ነው፤ እኔም ድምፅ አለኝ» ብለሽ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ምን ማለት ነው? ጩኸት ከሆነ እኛም አለን።

የምጠይቅሽ ወድጄ አይደለም። የኔን የቀሃ ክለብ ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሆነሽ በትከሻዬ ተሸክሜ አስገብቼሽ ነበር። የመጀመሪያውን ቢጫ ማልያ የሰፋሁት በዚችው በሲንጀር የስፌት መኪናዬ ነው። አገሩ ከደፈረሰ ወዲህ ክለባችን የሜዳውን ጨዋታ ሁሉ ሰው አገር ነው የሚጫወት፤ እኛ በሬዲዮ እንሰማለን። አሁን ደግሞ አንድ የንግድ ድርጅት ከሩቅ ከተማ መጥቶ ክለቡን ልውሰድ ብሏል። ስሙን ይቀይራል፣ ቀለሙን ይቀይራል፣ ወደራሱ ከተማ ይወስደዋል። ታዲያ ምኑን ነው የሚወስደው? ይህን የሰማሁት ከቦርዱ እንዳይመስልሽ፤ ሱሪ ሊያሳጥር ከመጣ ሹፌር ነው! ሜዳ ላይ ስንጮህ «አሥራ ሁለተኛው ተጫዋች» ይሉናል፤ ስብሰባ ሲሆን ዘበኛ ከበር ይመልሰናል።

እናንተ እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፊልኝ። የምጠይቅሽ ገንዘብ አይደለም፣ ዘዴውን ነው።

ደጅሽን ሰላም ይጠብቀው።
የእናትሽ ወንድም ዳኛው


ኅዳር 21 ቀን 2017

ለምወድዎ አጎቴ ለአያ ዳኛው፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ዘይት ያሹታል? እኛ አለን፤ የአባቶቻችን አምላክ ይመስገን። የእናንተን ቀን ከስልኬ አይቼ ነው የጻፍኩት። ከአገር ስወጣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ፊደሌ እዚያው ቀርቷል፤ እንዳይስቁብኝ። ደብዳቤዎ ሰባት ሳምንት ፈጅቶ ነው የደረሰኝ።

የጠየቁኝን እንደሚገባኝ ልንገርዎ። የኛ ክለብ ትንሽ ነው። አንድ ሀብታም ገዛው፣ ሰለቸው፣ ለሌላ ሸጠው፤ ሁለተኛውም ጥሎት ሄደ። ሊፈርስ ሲል ደጋፊዎቹ ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፣ በሕግ ተመዘገቡ። መዋጮው ለሁሉም እኩል ነው፤ ድምፁም እኩል ነው። ከጎኔ የሚቀመጠው የልብ ሐኪም ነው፤ እሱም አንድ እጅ፣ እኔም አንድ እጅ። ሁለት ሰው መርጠን ቦርድ ውስጥ አስገብተናል። ያለኛ ፈቃድ የክለቡ ስም፣ ቀለምና ሜዳ አይነካም።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። እዚህ ቅዳሜ ሰንበት እስኪወጣ አውቶብስ አይሠራም። «ጨዋታው በአንድ ሰዓት ይዘግይ፤ መኪና የሌለው ሰው በአውቶብስ ይምጣ» አልኩ። ቋንቋው ይጠፋኝ ነበር። እጅ ተቆጠረና አለፈ። አያ ዳኛው፣ እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ሲያልፈኝ፣ የተናገርኩት ነገር ተቆጥሮ ሲጻፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ጦርነቱ ሁሉን ነገር አክብዶታል፤ ሳይረን ሲጮህ አውቶብሱን አቁሜ ከሰዉ ጋር መሬት እተኛለሁ። ስለሱ ሌላ ጊዜ።

ምክሬ ይኸው። ቦርዱን አይለምኑ፤ መጀመሪያ ሰው ይመዝግቡ፣ ደንብ ያውጡ፣ ከዚያ ወንበር ይጠይቁ። ደግሞ ይህን አይርሱ፤ የሚቆጠረው አዳራሹ ውስጥ የተገኘ ሰው እጅ ነው። የቀረ ሰው እንደሌለ ነው። የመቶ ሰው መዋጮ ከዚህ ልኬያለሁ፣ ለመጀመሪያ ይሁንዎ።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ።
ሳሪት


ጎንደር፣ አራዳ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳሪት፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ያ ሳይረን የምትዪው ነገር ልቤን አርዶታል። እዚህም ማታ ማታ ተኩስ እንሰማለን፤ ሲነጋ ሱቅ እንከፍታለን። እንዲሁ ነው።

ገንዘብሽን በመጣበት ሰው መልሼዋለሁ፤ አትቀየሚ። ራስሽ «አንድ ሰው አንድ ድምፅ» ብለሽ ስታበቂ መቶ ሰው ሆነሽ ልትመጪ ነው እንዴ? ያንቺን የአንድ ሰው ብቻ አስቀርቼ መዝግቤሻለሁ። ቁጥርሽ ሰባት ነው።

ማኅበሩ ቆመ! አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። ደንብ ማን ያውጣ ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞረ። የሰፈራችንን እድር ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት አገልግዬ ደንብ ይቸግረኛል? የእድሩን ደንብ አምጥቼ ገለበጥሁት። የሚበዛው ሳይቀየር ልክክ አለ፤ መዋጮው፣ ቅጣቱ፣ ምርጫው፣ ጡሩምባውም ሳይቀር። አንቀጽ አሥራ አራትን እንዳለ ልጻፍልሽ፦ «ከአባላት አንዱ በሞት ሲለይ ጡሩምባ ይነፋል፤ ማናቸውም የማኅበሩ ሥራ ይቆማል፤ ተወካዮች በሙሉ ቀብር ላይ በግንባር ይገኛሉ።» ይኸ ሲነበብ አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ። አምና አንድ ደጋፊያችን ሞቶ ቀባሪው የቤቱ ሰው ብቻ ነበር። ስታዲየም ሙሉ ሰው የሚያውቀው ሰው! ያን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ቤቱን የሚያውቅ አንድ አልተገኘም። ሰዉ ለመመዝገብ የተሰለፈው ለቦርዱ ወንበር አይምሰልሽ፤ ለዚህች አንቀጽ ነው።

አንድ ሰው ላስተዋውቅሽ። ደመቀ ይባላል፣ የኮሶዬ ገበሬ ነው። ድንቹን በአይሱዙ ጭኖ ይመጣና ሽጦ ሜዳ ይገባ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት እንደዚሁ። ደረቱ ታማሚ ነው፣ ሲስቅም ያስለዋል። ልመዝግብህ ብለው «አያ ዳኛው፣ ድንች ሻጭ እጁን ቢያወጣ ማን ሊያየው?» አለኝ። እየጎተትሁ አስገባሁት። በመጀመሪያው ስብሰባ ተነሥቶ «ስብሰባው ቅዳሜ ይሁን፣ ባላገሩ ለገበያ የሚመጣ ያን ቀን ነው» አለ። እጅ ተቆጠረ፤ ባንዲት እጅ በለጠ። ሸጋ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ «ተቆጠርሁ እኮ!» ሲል ዋለ። አንቺ እንደጻፍሽልኝ ሆነ። ከወረዳው ተወካይ አድርገን መረጥነው፤ ሚስቱ ትርንጎ «ደግሞ ባለሥልጣን ሆነና ማን ሊችለው ነው!» ብላ ሳቀችበት።

ጤናሽን ያቆይልኝ።
ዳኛው


ሚያዝያ 2 ቀን 2017

ለአያ ዳኛው፤

እንኳን ለፋሲካው በሰላም አደረስዎ፤ እኛም የፋሲካችን ዝግጅት ላይ ነን። የደመቀን ነገር አንብቤ አውቶብስ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ሰላም ይበሉልኝ፤ ቁጥር ሰባት ሰላም ብላሃለች ይበሉት።

አሁን ልቆጣዎ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። በሞቴ፣ አንቀጽ አሥራ አራትን ያውጡልኝ! ሐሳቡ መልካም መሆኑ አይጠፋኝም። እናቴ እዚህ ስትሞት የቀበርናት ስምንት ሆነን ነው፤ ቀባሪ ማጣት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ግን እድር እኮ ሞትን ነው የሚጠብቀው፣ ቀጠሮ የለበትም። ይኼ ማኅበር ግን ቀጠሮ አለበት። ቦርዱ ስብሰባ በጠራበት ቀን አንድ ሰው ቢሞትስ? ሁላችሁም ወጥታችሁ ወንበሩን ለማን ልትተዉት ነው? ወይም «ሦስት ሰው ይላክ» ተብሎ ይስተካከል። አባላቱን ሰብስበው ይጠይቋቸው፤ ያስረዷቸው፣ ይገባቸዋል።

በሚቀጥለው ሰው «አወጣሁት» ብለው ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎ።

ሳሪት


ጎንደር፣ አራዳ
ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሳሪት፤

እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? እኛ ክረምቱ ገብቶልናል፤ አራዳ ጭቃ በጭቃ ሆናለች።

እልል በይ! ሃያ ወንበር አገኘን። ቦርዱ ሦስት ወር አመላለሰን፤ አንዴ ማኅተም፣ አንዴ ቃለ ጉባኤ፣ አንዴ «ሰብሳቢው ለሥራ ወጥቷል»። በየሳምንቱ ሄደን በሩ ላይ ቆምን። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የተጫዋች ደመወዝ ሲያቅታቸውና የኛ ድጋፍ ሲያስፈልጋቸው ፈረሙ። ከጠቅላላ ጉባኤው ሃምሳ ወንበር ሃያው የኛ ነው፤ እኔና ደመቀም ከሃያው ውስጥ ነን። ክለቡን ለሌላ ማስተላለፍ የሚቻለው ከተገኙት ሦስት እጅ ሁለቱ ሲስማማ ነው። ሃያችን ከገባን እነሱ ሠላሳ ሆነው ሠላሳ አራት አይሞላላቸውም። አየሽ? ዝም ብለን ተቀምጠን እጃችንን አለማውጣት ብቻ ይበቃናል!

ጉባኤው ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው። ደመቀ ደረቱ ጠንቶበታል፤ ግን በቃሬዛም ቢሆን እመጣለሁ ብሏል።

ስለ ደንቡ ያልሽውን አንብቤዋለሁ። አንቺ ብቻ በጸሎትሽ አስቢን።

ዳኛው


ሐምሌ 9 ቀን 2017

ለአያ ዳኛው፤

ስለ ሃያው ወንበር እልል ብያለሁ፤ ጎረቤት ምን ሆነች ብሎ ወጣ። ግን «አንብቤዋለሁ» ብቻ ነው ያሉኝ። አወጡት ወይስ አላወጡትም? ለምን አይነግሩኝም? ደጋግሜ ደወልኩ፣ አይገባም። ይህን ደብዳቤ የሚይዝ ሰው አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት እቆያለሁ ይለኛል። ከሐምሌ 26 በፊት እንዲደርስልዎ አምላኬን እለምናለሁ። ካላወጡት አሁንም ጊዜ አለ፤ አንድ ስብሰባ ነው።

ሳሪት


መስከረም 12 ቀን 2018

አያ ዳኛው፣ እንኳን አደረስዎ። ስብሰባው ካለፈ ሁለት ወር ሊሆን ነው። ምነው ዝም አሉ? ታመሙ እንዴ? ጉልበትዎ ነው? አንድ መስመር ይጻፉልኝ፣ ክፉም ቢሆን እችለዋለሁ።

ሳሪት


ጎንደር፣ አራዳ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳሪት፤

አልታመምሁም። አፍሬ ነው። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፤ የሐምሌው የደረሰኝ ነሐሴ 19 ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር፤ ከውስጥ ግን በላኝ። ስለዚህ ልናዘዝልሽ፤ ለንስሐ አባቴም እንዲህ አልተናገርሁ።

አንቀጽ አሥራ አራትን አላወጣሁትም። አባላቱንም አልጠየቅኋቸውም። ደብዳቤሽን አንብቤ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ያን ሁሉ ጭብጨባ ያመጣችልኝን አንቀጽ በገዛ እጄ ልሰርዝ? እድር ያልገባ ሰው ምን ያውቃል ብዬ ናቅሁሽ። እንግዲህ ስሚ።

ሐምሌ 25 ማታ ስልክ ገባልኝና የደመቀን ጤና ልጠይቅ ደወልሁ። ትርንጎ አነሣች። «ደህና ነው፣ ተኝቷል» አለችኝ። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከኮሶዬ ድንች ይዞ የወረደ ነጋዴ ሱቄ ደጅ ቆሞ «ደመቀ እኮ ትናንት ሲመሻሽ አረፈ፤ ልጁ እያለቀሰ ነገረኝ» አለኝ። እጄ ላይ መርፌ ነበር፣ የት እንደወደቀ አላውቅም። ጡሩምባውን አስነፋሁ። ከሃያው አሥራ ዘጠኛችን ተሰበሰብን። ብሌን የምትባል ጎበዝ ልጅ አለች፣ የሒሳብ ሹማችን ናት፤ «አያ ዳኛው፣ ሦስታችን እንሂድ፣ አሥራ ስድስታችን እንቅር» አለች። ያንቺኑ ቃል! እኔ ደንቡን አውጥቼ አነበብሁላት። «ኮሶዬ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ አራት ሰዓት ላይ ቀብረን ስድስት ሰዓት ላይ እዚህ ነን» አልሁ። ሁሉም እሺ አለኝ፤ የሚያምኑኝ ሰዎች ናቸው።

ኮሶዬ ስንደርስ ድንኳን የለ፣ ለቅሶ የለ፣ መቃብር አልተቆፈረም። ትርንጎ ደጃፏ ላይ በርከክ ብላ ድንች ትለቅማለች። ደም ፍላቴ መጣና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮህሁባት። «ምነው ትርንጎ! ባልሽ ቤት ውስጥ ተጋድሞ ድንች ትለቅሚያለሽ? ትናንትስ ምነው ዋሸሽኝ? እንዲህ ያለ ሰው በድብቅ ይቀበራል?» ቀና ብላ አየችን፤ አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ ድንቹን ጥላ እንባዋን ለቀቀችው። እያለቀሰች ወደ ሬሳው መርታ አስገባችን።

ቄስ እስኪጠራ፣ እስኪገነዝ፣ በዝናብ ጭቃውን እስክንቆፍር ጊዜው ሄደ። እኔም ዶማ ይዤ ቆፍሬአለሁ። አፈር አልብሰን መኪና ስንገባ ሰባት ሰዓት ሊሞላ ነበር። አሁንም እንደርሳለን አልሁ። ግማሽ መንገድ ላይ «ተዘግቷል፣ እዚሁ እደሩ» ተባልን። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፣ የጠየቀም የለም። ስልኩ የለም። አሥራ ዘጠኝ ሰው አንድ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ስምንት ሰዓት ሲያልፍ በሰዓታችን አየነው። ብሌን ስታለቅስ ሰማሁ፤ ዞሬ ማየት አልቻልሁም።

የሚቆጠረው ከተገኙት ነው፤ ሠላሳ ሰው ተገኝቶ ነበር፣ ሠላሳውም እጁን አወጣ። ቃለ ጉባኤው ላይ «የደጋፊዎች ተወካዮች ያለ በቂ ምክንያት ቀርተዋል» ይላል። ክለባችን በሌላ ስምና በሌላ ቀለም የሰው ከተማ ሆኗል። በሬዲዮ ሲጠሩት ሰማሁ፤ ሌላ ቡድን መስሎኝ ጣቢያ ልቀይር ነበር። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይሉ ነበር እናቴ። ከጸሐፊነቴ ወርጃለሁ፤ ማንም አልወቀሰኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ እንኳ ችዬው ነበር። አርባው ላይ ግን አልሄድሁም፤ ያፈርሁት ኮሶዬን ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ትርንጎ ሱቄ መጣች። ከል ለብሳ ከስታለች። የደመቀን የአባልነት ደብተር ይዛ፣ እንደ እድር ደብተር ትመልሰው መስሏት ነው። ቁጭ አለችና እንዲህ አለችኝ፤

«ያን ቀን ስለዋሸሁህ ይቅር በለኝ አያ ዳኛው። ትእዛዝ ነው። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ ‹የማኅበሩ ሰዎች እንዳይሰሙ፤ ከሰሙ ሁሉም ይመጣሉ። ቅዳሜ ስብሰባው እስኪያልቅ እንዳታለቅሺ፤ እሁድ ቅበሪኝ› አለኝ። ሌሊቱን ከሱው ጋር ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ጎረቤት እንዳይጠረጥር ብዬ ነው ድንች ስለቅም የነበረው። እናንተ ስትመጡ ጊዜ ስብሰባው በጧት ያለቀ መሰለኝና፣ ተመስገን ብዬ አለቀስሁ።»

ሳሪት፣ ምን ልበልሽ? በዚያች ሴት ላይ ነው የጮህሁት። አንቀጿን አንቺ ነግረሽኝ፣ ብሌን ነግራኝ፣ ሟቹ ራሱ ከኔ የተሻለ ገብቶት፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ።

ከዚያ ደብተሩን እያሻሸች «ታዲያ ስብሰባው እንዴት ሆነ? ተሳካላችሁ?» አለችኝ። እሷ ሬዲዮ የላት፣ ኳስ አታውቅ። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትሁ።

«ተሳካ» አልኋት።

«የሱም እጅ ተቆጠረ?»

«ተቆጠረ።»

«እንግዲያ በከንቱ አልሞተም» አለችና ደብተሩን «ይኸን አልመልስም፣ ለልጆቹ ይሁን» ብላ ሳመችው፤ መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ የኮሶዬ መኪና እንዳያመልጣት ቶሎ ወጣች።

አሁን ሌላ ሰው ሳይነግራት ራሴ ወጥቼ ልነግራት ይገባኛል። ሦስት ቅዳሜ አለፈ፤ መንገዱም ክፍት ነው። አልሄድሁም።

ዳኛው